ከደሴ ኮምቦልቻ በሞተር ለሚመላለስ ሰው የትኛው ጫማ ይሻላል?

ጦሳ ስር፦

ሰላም ያገሬ ሞተረኞች። አንድ ምክር ፈልጌ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። እስካሁን በሚኒባስ ነበር የምመላለሰው። ሰልፉም ግፊያውም ሲያንገሸግሸኝ ቦክሰር 150 ገዛሁ። መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ ሄልሜትና ጓንት አለኝ። የቀረኝ ጫማ ነው፤ እሱ ላይ ግን ግራ ገባኝ።

አሁን የማደርገው ተራ ሸራ ጫማ ነው። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር የግራ እግሬን ጣት ከላይ ይቆረቁረኛል፤ ጫማውም እዚያው ቦታ ላይ ተልጦ ክሩ ወጥቷል። ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉም ካለ እግሬ ይደነዝዛል፣ ኮምቦልቻ ስገባ ደግሞ ላብ በላብ ይሆናል። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፣ ደረጃ እወጣለሁ እወርዳለሁ። ስለዚህ ሞተር ላይ ብቻ የሚመች፣ ወርጄ ስራመድ ግን እንደ ሮቦት የሚያስኬደኝ ነገር አይሆነኝም።

ምክር የሚሰጠኝ ሰው ሞልቷል፤ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲናገር ግን አልሰማሁም። አንዱ ከስክስ ግዢና ተገላገይ ይለኛል። ሌላው ሴፍቲ ጫማ ይላል፣ ያን አፍንጫው ውስጥ ብረት ያለውን የሥራ ጫማ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ የጭቃ ቦቲ ለክረምትም ለበጋም ይሆናል ባይ ነው። ወንድሜ በበኩሉ "ብረት ያለው ጫማ ሞተር ሲወድቅበት ጣት ይቆርጣል" ብሎ አስፈራርቶኛል። እውነት ነው?

ቁጥሬ 38 ነው፤ ገበያ ላይ ያየሁት ሁሉ ከ40 ይጀምራል። በጀቴ 8 ሺህ ብር አካባቢ ነው፣ የግድ ከሆነ ትንሽ እጨምራለሁ። ጀርመን ያለች እህቴ በቅርቡ ትመጣለች፤ በእሷ ላስመጣ ወይስ እዚሁ የሚሆን ይገኛል?

ቦርከና ማዶ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ይኸን መጠየቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ በነጠላ ጫማ ሐረጎን የሚወርድ ስንት አለ! እኔ የምለው ከስክስ ነው። ርካሽ ነው፣ ረጅም ነው፣ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ጭቃ አይፈራም። ሌላው ሁሉ ፋሽን ነው።

ሰላምታ ብቻ፦

ሚኒባሱ ምን አጠፋ? 😂

ኮርኮንች ለማዳ፦

ቦርከና ማዶ ግማሹን ልክ ብለሃል፣ በግማሹ ግን አልስማማም። ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ታገሡኝ።

እኔ በሥራ ምክንያት ኩታበርም ተሁለደሬም ቃሉም ገጠር ለገጠር በሞተር የምዞር ሰው ነኝ። ጫማ ላይ ያለኝ አቋም አንድ ነው። ቀድሞ የሚታየው ቁርጭምጭሚት ነው። ጣት ሁለተኛ፣ ውሃ ሦስተኛ፣ ማማሩ መጨረሻ።

ለምን በይ። ሰው የሞተር አደጋ ሲባል በ80 ሲከንፉ የሚመጣ ብቻ ይመስለዋል። እግር ግን ሞተሩ ቆሞ፣ ወይም ሊቆም ሲልም ይሰበራል። ዳገት ላይ ትቆሚያለሽ፣ እግርሽን ታወርጃለሽ፣ የረገጥሽው ጠጠር ይከዳሻል፣ ሞተሩ ወደ ጎን ያዘነብላል። ቦክሰር ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። እግርሽ በመሬቱና በሞተሩ መሃል ይያዛል፣ ሰውነትሽ ወደ አንድ በኩል ይዞራል፣ እግርሽ ግን እንደተያዘ ነው። የሚሰበሩት ያኔ ነው፤ ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ያሉት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች። ሸራ ጫማ ለዚህ ምንም አይረዳም። አጭር ቆዳ ጫማም ያው ነው፣ ገና ከመውደቅሽ ወልቆ ማዶ ታገኚዋለሽ።

ሱቅ ስትገቢ ሻጩ የሚለውን ተይና በእጅሽ ፈትሺው። ቁመቱ ከቁርጭምጭሚትሽ አጥንት ቢያንስ አራት ጣት ይለፍ። ከዚያ ተረከዙን በአንድ እጅ፣ አፍንጫውን በሌላው ያዢና ልብስ እንደምትጨምቂ አድርገሽ ጠምዝዢው። ያለ ብዙ ጉልበት ከተጠማዘዘ መልሺለት። ሶሉን ደግሞ ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍሽ ጭመቂው፤ በእጅሽ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሶል ሞተር ሲወድቅበት ምን እንደሚሆን አስቢው። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣትሽ ተጫኚ። ከውስጡ ደረቅ ነገር ከሌለው ወዲያው ይሰረጎዳል፣ እሱም አይሆንም።

ሶሉ ላስቲክ ይሁን፣ ጥርስ ይኑረው፣ ዘይት የሚችል ይሁን። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገብተሽ እግርሽን የምታወርጂበት ቦታ ሁልጊዜ ናፍታ የፈሰሰበት ነው። ተረከዝም ይኑረው። ሂል ማለቴ አይደለም ደግሞ፤ እግርሽ መርገጫው ላይ ወደፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ትንሽ ደረጃ ማለቴ ነው። ግን በጣም ወፍራም ሶልም አትውሰጂ። ሐረጎን ስትወርጂ የኋላ ፍሬን በቀኝ እግርሽ ነው የምትይዢው፤ ሶሉ እንደ ግንድ ከወፈረ ምን ያህል እንደረገጥሽ አይሰማሽም፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ጥርቅም ብሎ ይያዝብሻል።

የጫማ ክር ነገር። ክር ያለው ጫማ መጥፎ ነው አልልም፤ የትርፉን ጫፍ ግን ጫማው ውስጥ ክተቺው። የግራው ማርሽ ላይ ይጠመጠማል፣ የቀኙ ፍሬን ላይ። ልትቆሚ ስትይ እግርሽ አልወርድ ይላል፣ በቆምሽበት ነው እንግዲህ የምትጋደሚው፣ ያውም ሰው እያየሽ። ከጎኑ ዚፕ ኖሮት በላዩ የሚጣበቅ ክዳን ያለው ካገኘሽ እሱን ያዢ።

ስለ ልኩ ደግሞ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርጂው። ጠዋት ደሴ ላይ በወፍራም ካልሲ ልክክ ያለ ጫማ፣ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ቆመሽ ያፍንሻል፤ እግር ሲቆምና ሲሞቅ ያብጣልና። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ለኪ፣ የምትነጂበትን ካልሲ አድርገሽ። ቆመሽ ከለካሽ በኋላ ቁጭ በይና እግርሽን ሞተር ላይ እንደምታደርጊው አጥፈሽ ሞክሪ። ቆመሽ የተመቸሽ ረጅም ጫማ ስትቀመጪ ባትሽን ሊያንቅሽ ይችላል።

አሁን ወደ ከስክስ። ቁመቱ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ብዙው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆዳና ጨርቅ ብቻ ነው፣ ከውስጡ ደረቅ መከላከያ የለውም። ሶሉ ለመሮጥ የተሠራ ስለሆነ ይተጣጠፋል። ክሩ የትየለሌ ነው። ዝናብ ከጠጣ ደግሞ ሁለት ቀን አይደርቅም። ሌላው፣ ሲቪል ሰው ወታደራዊ ጫማ አድርጎ በየኬላው መቆም በዚህ ጊዜ ለጥያቄ ነው። ጠዋት ሥራ የሚረፍድበት ሰው ምን አጨቃጨቀው።

የጭቃ ቦቲውን ተይው። ላስቲኩ ውሃ ከማገድ በቀር አንድም ነገር አያግድም፣ ሰፊ ስለሆነ ከእግር ይወልቃል፣ ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ከነካው ደግሞ ቀልጦ ይጣበቃል።

ቦርከና ማዶ፦

እሺ የኬላውን ነገር ተቀብያለሁ። የቀረውን ግን አልቀበልም። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው በከስክስ ነድቶ እግሩ ደህና ነው።

ኮርኮንች ለማዳ፦

ያልወደቀ ሰው እግሩማ በነጠላ ጫማም ደህና ነው ወንድምዋ።

ስቶር ኪፐሩ፦

የብረቱን ወሬ ልመልስ፣ ሴፍቲ ጫማ በካርቶን ሳወጣና ሳስገባ የምውል ሰው ስለሆንኩ። "ጣት ይቆርጣል" የሚባለው በየአገሩ የሚወራ ነገር ነው። ትክክለኛ ሴፍቲ ጫማ ኢኤን አይኤስኦ 20345 በሚባለው ደረጃ ይፈተናል። አፍንጫው 200 ጁል ምት መቻል አለበት፤ 20 ኪሎ ክብደት ከአንድ ሜትር ላይ ተለቆበት ማለት ነው። ተጭኖ ሲፈተን ደግሞ 15 ኪሎ ኒውተን፣ ወደ አንድ ተኩል ቶን የሚጠጋ ክብደት ይሸከማል። ያንን ብረት አጣጥፎ ጣት የሚቆርጥ ነገር ከመጣ፣ ያለ ብረቱ ጣቱ ቀድሞውኑ የለም።

ሴፍቲ ጫማ ሞተር ላይ የሚያስቸግረው በሌላ በኩል ነው። አፍንጫው ወፍራም ስለሆነ ከማርሹ ስር አልገባ ይላል። ማርሽ ለመጨመር እግርሽን በሙሉ ማንሳት ሊኖርብሽ ነው፤ ያ ያደክማል፣ ገበያ መሃል ደግሞ ያደናግራል። መፍትሔ አለው። የማርሹ እግር የተሰካበት ዘንግ ጥርስ አለው፤ ብሎኑን አላልቶ አውጥቶ አንድ ጥርስ ወደ ላይ አዙሮ መመለስ ነው። የትኛውም ጋራዥ ቡና እስኪፈላ ይሠራልሻል። ማርሽሽ የፊትና የኋላ መርገጫ ያለው ከሆነ ደግሞ በተረከዝሽ እየረገጥሽ መጨመር ስለምትችዪ ጭራሽ አያሳስብሽም።

ሁለተኛው ችግር አብዛኛው ሴፍቲ አጭር መሆኑ ነው። ከቁርጭምጭሚት በታች የሚቀረውን አትግዢ። ረጅሙን፣ ኤስ 3 የሚለውን ፈልጊ፤ ሶሉ ውስጥ ሚስማር የሚከላከል ንጣፍ አለው፣ የላዩ ቆዳም ውሃ ቶሎ አያስገባም፣ ሶሉ ጥርስ አለው። የብረት አፍንጫ ቅዝቃዜ ይይዛልና ለደሴ ጠዋት ብረት ያልሆነው፣ ኮምፖዚት የሚባለው ይሻላል፤ እሱም ያንኑ 200 ጁል ነው የሚፈተነው፣ ቀለል ይላል።

መጋዘን ከሆነ የምትሠሪው ደግሞ አንዱ ጫማ ለሁለቱም ይሆንሻል። ሌላ ቅያሪ ይዘሽ አትዞሪም።

ጦሳ ስር፦

ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው ያስተማራችሁኝ። ስቶር ኪፐሩ፣ ወንድሜን አሁኑኑ ላነብለት ነው። ግን እህቴ ከጀርመን ታምጣ ወይስ አታምጣ የሚለውን ማንም አልመለሰልኝም። የሞተር ጫማ ተብሎ የተሠራው ያን ያህል ልዩነት አለው? ከሰኞ ገበያ ሰልባጅ ውስጥም አንድ የሞተር ጫማ አይቻለሁ፣ 39 ነው፣ ቆዳው በጣም ያምራል፣ ዋጋውም ደህና ነው።

ማይን ወንዝ ዳር፦

ሰላም፣ የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ፍራንክፈርት ነው ያለሁት፣ እዚህም የምነዳው ሞተር ነው። ልዩነት አለው። በአውሮፓ የሞተር ጫማ የራሱ ደረጃ አለው፣ ኢኤን 13634 ይባላል። እህትሽ ሱቅ ስትገባ የጫማውን ምላስ ወይም ገበሩን ገልጣ ትይ። የሞተረኛ ምስል ያለበት ትንሽ ጽሑፍ ታገኛለች፤ ከሥሩ አራት ቁጥሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ናቸው። የመጀመሪያው የቁመቱ ነው። ሁለተኛው አስፋልት ላይ ሲጎተት ቶሎ አለመላላጡን ነው የሚናገረው። ሦስተኛው ስለታም ነገር ሲመታው መቻሉን፣ አራተኛው ደግሞ ኮርኮንች ለማዳ በመዳፍሽ ጭመቂው ያለሽን የሶሉን የጎን ጥንካሬ። 2 ከ1 ይሻላል። ለአንቺ መንገድ የመጨረሻው 2 ቢሆን ደስ ይለኛል፣ የመጀመሪያው ግን 1 ቢሆንም እንኳ ቁርጭምጭሚትን ከሸፈነ ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው እስከ ጉልበት የሚደርሰው አይሆንም።

ከቁጥሮቹ አጠገብ ፊደላት ሊኖሩ ይችላሉ። አይፒኤ ካለ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ምት የሚቀንስ መከላከያ አለው ማለት ነው። ደብልዩአር ካለ ውሃ አያስገባም። እነዚህን ሁለቱን ጠይቂ። የሞተረኛ ምስልም ቁጥሮችም የሌሉት፣ "ባይከር" ምናምን ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ጫማ መልክ እንጂ ሌላ ነገር የለውም፤ እዚህም ቢሆን ሞልቷል።

ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ዩሮ ነው። በብር ስትመነዝሪው በጀትሽን ይዘላል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ክረምት ሲያልቅ ቅናሽ ይኖራል፣ የሴት 38 ደግሞ እዚህ እንደ ልብ ነው። የእግርሽን ርዝመት ወረቀት ላይ ቆመሽ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለክተሽ በሴንቲ ሜትር ላኪላት፤ 38 ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሁለቱንም እግር ለኪ፣ በትልቁ ሂጂ።

ሰኞ ገበያ ጫማ ሰፊ፦

ልጄ፣ ያን ሰልባጅ ገና አልገዛሽው ከሆነ ቆይ። ቆዳው ማማሩን አላጠፋሁም፣ የአውሮፓ ቆዳ ጥሩ ነው። የሚያታልለው ሶሉ ነው። አንዳንዱ ሶል ሲነኩት ለስለስ የሚል፣ ቀላል፣ እንደ ስፖንጅ ያለ ነው፣ ፖሊዩሪታን ይሉታል። እሱ ባይረገጥም፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ እንኳ በእርጥበቱ ብቻ ከዓመታት በኋላ ይፈርሳል። ላዩ አዲስ የመሰለ ጫማ ይዘው ይመጡና በሳምንቱ ሶሉ ፍርፍር ብሎ ዱቄት ሆኖ ይመልሱልኛል። ጥፍርሽን ከሶሉ ጠርዝ ላይ ጫን አድርጊው። ከተፈረፈረ ወይም የጥፍርሽ ምልክት እንደተሰረጎደ ከቀረ ተይው። ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያለ መስመርም ካለበት ያው ነው። ሴፍቲ ጫማ ከሆነ የተሠራበት ዘመን ተጽፎበታል፣ ምላሱ ላይ ፈልጊ።

ሶሉ ቢሞትም ቆዳው ደህና ከሆነ እኔ ላስቲክ ሶል እቀይራለሁ፣ በማስቲሽ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን በስፌት። ግን ያንን ወጪ ዋጋው ላይ ደምረሽ ነው መከራከር ያለብሽ።

ቆዳን በሚመለከት፣ የበግና የፍየል ቆዳ ለሞተር ጫማ አይሆንም። የበግ ቆዳችን ለጓንት በዓለም የሚፈለግ ነው፣ ልስላሴው ነው የሚፈለገው፤ አስፋልት ላይ ግን ስስ ነው። የከብት ቆዳ ይሁን፣ ውፍረቱም ከሁለት ሚሊ አይነስ። ደግሞ ላዩ ያለበት ቆዳ ይሁን። ወፍራም ቆዳ ለሁለት ይሰነጠቅና የታችኛው ንብርብር ቀለም ተለብጦ ይሸጣል፣ ጥንካሬው ግን ያለው በላይኛው ነው። በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ጥቃቅን መስመር እያወጣ ከተሸበሸበ ደህና ነው፣ እንደ ፌስታል ደርቆ ከተጨማደደ ልባጭ ነው።

ግራ እግርሽ ላይ ማርሹ የሚልጠውን ቦታ ደግሞ ከመላጡ በፊት አንድ ቁራጭ ቆዳ ደርቤ እሰፋልሻለሁ። ብዙ ሞተረኛ የሚያሠራው እኔ ጋ ነው። ስፌቱ ከጣትሽ በላይ እንዳይቆረቁርሽ ከገበሩ ውጭ ነው የማሳልፈው።

ባቲ መንገድ፦

ጋሼ፣ ዝናብ የጠጣ ቆዳ እንዴት ይደርቃል? የኔ ከሰል አጠገብ አድርጌው እንደ ቋንጣ ደረቀ።

ሰኞ ገበያ ጫማ ሰፊ፦

ከሰል አጠገብ፣ ምድጃ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አይደረግም። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። የውስጥ ንጣፉን አውጥተህ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ጥላ ውስጥ አሳድረው፤ ጋዜጣው ሲርስ ቀይረው። ከደረቀ በኋላ የጫማ ቅባት በጨርቅ እሸው፣ ስፌቱ ላይ ሰም ካገኘህ ሰም ቀባው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ እሱ ክሩንም ማስቲሹንም ነው የሚበላው።

ነጭ ጋውን፦

ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ኮርኮንች ለማዳ ስለ ቁርጭምጭሚት ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘለላችሁት። ማርሚታ። ጀማሪ ሞተረኛና ከኋላ የሚፈናጠጥ ሰው በቀኝ ባቱ የውስጥ ጎን ላይ ተቃጥሎ ይመጣል፤ ሞተሩን ሲያቆም ወይም ሲወርድ ነክቶት ነው። ጫማው አጭር ከሆነና ሱሪው ስስ ከሆነ፣ ወይም እህቶች ቀሚስ ለብሰን ስንፈናጠጥ ያ ቦታ ባዶ ነው። ቁመቱ ባትሽ መጀመሪያ ድረስ ከደረሰ ጥሩ፣ ካልደረሰ ወፍራም ሱሪ በላዩ ይውረድ። የቆዳ ገምባሌም ማሠራት ይቻላል።

ከተቃጠላችሁ ደግሞ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቡና፣ ቅቤ አትቀቡ። ለ20 ደቂቃ ያህል የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር አድርጉት፣ በረዶ አይደለም፣ ውሃ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም።

ስትወድቁም እንዲሁ። ቁርጭምጭሚት አብጦ መርገጥ ካቃታችሁ ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ከመታሸታችሁ በፊት ራጅ ተነሡ። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ምን እንደሚሆን በየጊዜው የምናየው ነገር ነው። ወጌሻን መናቄ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉን ነው የምለው።

ቦርከና ማዶ፦

ወላሂ ከስክሴን ልታስጥሉኝ ነው።

ጦሳ ስር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንደው እድሜ ይስጣችሁ። ወሰንኩ። ሰልባጁን ትናንት ሄጄ በጥፍሬ ሞከርኩት፣ ጋሼ እንዳሉት ጠርዙ ፍርፍር አለ፣ ሻጩም "አንቺ ልትገዢ ነው ወይስ ልታፈርሺ?" ብሎ ተቆጣኝ። ለጊዜው ረጅሙን ኤስ 3 ከኮምፖዚት አፍንጫ ጋር እገዛለሁ፣ ማርሹንም አስነሣለሁ። እህቴ ቅናሽ ካገኘች ደግሞ ያንን ባለ አራት ቁጥሩን ታመጣለች፣ ልኬን ልኬላታለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ስቶር ኪፐሩ፣ 38 ረጅም ኤስ 3 ይገኛል? ጋሼ፣ ባይገኝና 39 ብገዛ ከውስጥ ንጣፍ ጨምረው ሊያጠቡልኝ ይችላሉ?

ስቶር ኪፐሩ፦

38 አለ ግን ሱቅ ላይ አይሰቅሉትም፣ የወንድ ቁጥር ቶሎ ስለሚሸጥ። ለፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የሚያቀርቡ ነጋዴዎችን ጠይቂ፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ የሥራ ልብስ የሚሸጡት ያስመጡልሻል። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ግን ኤስ 3 የሚለውን በዓይንሽ እይው። ኤስቢ የሚል ብቻ ካለበት አፍንጫው ነው እንጂ ሶሉ ሚስማር አይችልም።

ኮርኮንች ለማዳ፦

39 ከገዛሽ ተጠንቀቂ። ሰፊ ጫማ ውስጥ እግር ይዋኛል፣ ቁርጭምጭሚቱን የሚይዘው ቦታ ከአጥንትሽ ጋር አይገጥምም፣ ማርሽም ትስቻለሽ። ንጣፍ ርዝመት አይቀንስም፣ ከፍታ ነው የሚጨምረው። ተረከዝሽ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ከፍ ካለ አትውሰጂው።

ሰኞ ገበያ ጫማ ሰፊ፦

ልክ ነው፣ የግማሽ ቁጥር ልዩነት ከሆነ አስተካክለዋለሁ፣ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ግን ገንዘብሽን አልበላም። ከመግዛትሽ በፊት ነጋዴውን "ልኬ ካልሆነ እመልሳለሁ" ብለሽ ተስማሚና ይዘሽው ነይ፣ ቆመሽም ተቀምጠሽም እናየዋለን። ሰኞ ቀን አትምጪ፣ ገበያ ነው፣ መድረሻም የለም። በሌላው ቀን ከሰዓት በኋላ ነይ፣ የምትነጂበትን ካልሲ ይዘሽ።